ሰባ አንድ ምን ማለት ነው? የብቃት እርከን ለደሴና ለኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ከጦሳ ግርጌ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ጠመዝማዛውን ወርዶ ቦርከና ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ክንዱ ላይ ያደርጋል። መስከረም በገባ ቁጥር በዚህ መንገድ መሸኛ የያዙ ልጆች ይወርዳሉ፣ ይወጣሉም። አንዱ እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ አግኝታ ነው፤ አንዷ የቤት ኪራይ ተወዶባቸው ወደ አክስቷ ተልካ ነው። ከመሸኛው ጋር ካርድ አለ። ካርዱ ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ ሂሳብ 71፣ አማርኛ 78፣ ከ63 ተማሪዎች 14ኛ።

ተቀባዩ የሂሳብ መምህር ከዚህ ካርድ ምን ያገኛል? ልጁ መካከለኛ መሆኑን፣ በቃ። ክፍልፋይ ይደምር አይደምር፣ የቃላት ፕሮብሌም አንብቦ ይረዳ አይረዳ ካርዱ አይናገርም። ከ71ዱ ስንቱ ደብተሩ ንጹሕ ስለሆነ እንደተሰጠው፣ ስንቱ የቡድን ሥራ ላይ ከጎበዝ ልጅ ጋር ስለተመደበ እንደመጣለትም አይናገርም። ስለዚህ መምህሩ የሚችለውን ያደርጋል፤ ልጁን ክፍት ወንበር ላይ አስቀምጦ ምዕራፍ አንድን ይጀምራል።

እኔም ጠመኔ ይዤ በቆምኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ቁጥር ስደምር ኖሬያለሁ። ቴስት ከ10፣ አሳይንመንት ከ10፣ ደብተር ከ5፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ድምር፣ በመጨረሻም ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ የውጤት መዝገብ። ድምሩ ትክክል እንዲወጣ እንጂ ምን እንደሚል ብዙ አልተጨነቅሁም።

ሁለት ልጆች እናስብ። በአንድ ርዕስ ላይ አራት ጊዜ ተፈትነዋል፣ እያንዳንዱ ከ10። የመጀመሪያዋ 3፣ 5፣ 8፣ 9 አመጣች። ሁለተኛው 9፣ 8፣ 5፣ 3። ሁለቱም ከ40 ያላቸው 25 ነው። በሮስተሩ ላይ እኩል ናቸው፤ ደረጃም ይጋራሉ። ልጅቷ ግን ዛሬ ትምህርቱን ታውቀዋለች፣ ልጁ ደግሞ አንድ ነገር ገጥሞት ወደ ታች እየሄደ ነው። አማካዩ የእሷን መማርም የእሱን መውደቅም ደብቆ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው።

በብቃት መለኪያ ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚባለው አሠራር የሚነሣው ከዚህ ችግር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በየክፍሉ ተማሪው ሊችላቸው የሚገቡ ነገሮች አስቀድመው ተለይተው ይጻፋሉ፤ ምዘናው ልጁ ከጓደኞቹ ስንተኛ እንደሆነ ሳይሆን ከእነዚያ ነገሮች የቱ ላይ እንደደረሰ ያሳያል። ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ይከራከር የነበረው፣ ጊዜና እገዛ እንደ ልጁ ሁኔታ ከተስተካከለ አብዛኛው ተማሪ የታሰበለት ላይ ይደርሳል ብሎ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ሮበርት ማርዛኖ ደግሞ ከ0 እስከ 4 የሚሄድ የብቃት እርከን አዘጋጀ። 3 ማለት ልጁ የታሰበለትን ችሏል ማለት ነው። 2 ቀለል ያለውን ክፍል ብቻ ችሏል፣ 1 በእገዛ ጥቂት ይሞክራል፣ 0 በእገዛም አልሆነለትም፣ 4 ከተማረው አልፎ በአዲስ ጉዳይ ላይ ይሠራበታል። በመካከል እንደ 2.5 ያሉ ግማሾች አሉ።

ይህን የሰማ የወሎ ሰው አዲስ ነገር ነው ቢል እገረማለሁ። የኔታ ዘንድ የገባ ልጅ ሀሁን ቆጥሮ፣ አቡጊዳን ጨርሶ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ደረጃዎች ሳይወጣው ዳዊት አይሰጠውም። ማንም ወላጅ «ልጄ ውርድ ንባብ 62 አመጣ» ብሎ አያውቅም፤ ወይ ወጥቶታል ወይ ገና ነው። ቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው። ልጁ በእንጨት ሰሌዳው፣ በሉሁ፣ ላይ የተጻፈለትን ለሼሁ ቀርቶ ያሰማል፤ ከያዘው ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል፣ ካልያዘው ነገም ያው ነው። የትናንቱ ስሕተት ከዛሬው ጋር ተደምሮ ለሁለት አይካፈልም።

የኮምቦልቻ ወጣት ደግሞ ይህንኑ በሲኦሲ፣ በሙያ ብቃት ምዘናው፣ በኩል ያውቀዋል። የልብስ ስፌት ወይም የብየዳ ሠልጣኝ በሙያ ደረጃው ላይ የተዘረዘረውን በተግባር ሠርቶ ያሳያል፤ ውጤቱ በቅቷል ወይም ገና አልበቃም ነው። «ገና» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ከዚህ ቃል ጋር ሳንተዋወቅ የቆየነው መደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

እንደውም እዚያም ወረቀቱ አለ። የሂሳብ መርሐ ትምህርቱን የገለጠ መምህር በየክፍሉ ዝቅተኛ የመማር ብቃቶች ተዘርዝረው ያገኛል። ከየክፍሉ መጨረሻ ደግሞ በዝቅተኛው ብቃት ላይ ያለ ተማሪ ምን እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ያለው ምን እንደሚጨመርለት፣ ከዚያ በታች ያለው ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልገው የሚናገር ክፍል አለ። ይህ ባለ ሦስት ደረጃ የብቃት እርከን ነው። ልጆች ከተማሩት ምን ያህሉን እንደያዙ የሚለካው አገር አቀፉ የትምህርት ቅበላ ጥናትም የልጆቹን ውጤት ከመሠረታዊ በታች ጀምሮ በአራት ደረጃ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹን ለመርዳት የሚመጣ ሰው አዲስ ሰነድ ይዞ ባይመጣ ደስ ይለኛል። የጎደለው ሰነድ አይደለም። በሰነዱና በማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ መካከል ያለው ድልድይ ነው የጎደለው።

ድልድዩ ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከተከታታይ ምዘና ተምረናል። ሐሳቡ የመጣው መምህሩ በየጊዜው የልጁን መረዳት እያየ አካሄዱን እንዲያስተካክል ነበር። ወደ ክፍል ሲወርድ ግን ተከታታይ ፈተና ሆነ፤ አንድ ትልቅ ፈተና ወደ ሰባት ትንንሽ ፈተና ተበተነና ሰባቱም ተደመሩ። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽንም የራሱ ታሪክ አለው። ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ሲባል በየቢሮው የፋይል ማጠፊያ ገዝቶ ቃለ ጉባኤ ማሟላት ይጀመራል። የብቃት እርከንም በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሌላ ባነር ለመሆን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚበቃው።

ነገሩ ለምን አሁን አስቸኳይ ሆነ? በ2012 አንደኛ ክፍል የገባ የደሴ ልጅ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። በ2014 ሦስተኛ ክፍል ሳለ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያ ሁኔታ ቆዩ። ያ ልጅ ሳይቋረጥ ከዘለቀ በ2018 ሰባተኛ ክፍል ነው። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ በዚያ ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ሌላ ቦታ ነበረች። ሁለቱም ቀዳዳ አለባቸው፣ ቀዳዳው ግን አንድ ቦታ ላይ አይደለም። አማካይ ቁጥር የልብሱን ስፋት ይነግረናል እንጂ የት እንደተቀደደ አይነግረንም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ደህና አልነበርንም። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። መጨረሻው የታየው የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው ላይ የተቀመጡት ልጆች ግን በየዓመቱ ካርድ እየተቀበሉ፣ ከክፍል ወደ ክፍል «ተዛውሯል» እየተባሉ የመጡ ናቸው። በካርዱና በፈተናው መካከል ይህን ያህል ገደል ሲኖር ፈተናውን ብቻ ወይም ልጁን ብቻ መውቀስ አልችልም። ካርዱ ሲናገር የኖረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

እንግዲህ እርከኑ በቅርብ ሲታይ ምን ይመስላል? የተለያየ ታሕት ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር እንውሰድ። የሰኞ ገበያ ቡና ሻጭ ልጅ ሁልጊዜ የምትሠራው ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ብዙዎችን ይጥላል።

መምህሩ ግማሽ ወረቀት ያድላል። ሦስት ጥያቄ ብቻ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ። አንደኛው 2/7 ሲደመር 3/7። ሁለተኛው 2/3 ኪሎ ቡናና 3/4 ኪሎ ቡና በአንድ ላይ ስንት ኪሎ ነው? ሦስተኛው፦ አንድ ልጅ 1/2 ሲደመር 1/3 ይሆናል 2/5 አለ፤ ሳትደምሩ ስሕተት መሆኑን አስረዱ። የመጀመሪያውን ብቻ የሠራ 2 ላይ ነው። ሁለተኛውን የሠራ፣ ማለትም 17/12 ወይም አንድ ኪሎ ከ5/12 ያገኘ፣ 3 ላይ ደርሷል። ሦስተኛውን «2/5 ከግማሽ ያንሳል፣ ግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብሎ የመለሰ 4 ነው። መምህሩ ድፎ ዳቦ ስሎ ሲቆርስለት ብቻ የሚገባው 1 ላይ ነው፤ እሱን የሚለየው ወረቀቱ ሳይሆን የመምህሩ ዓይን ነው።

ስድሳ ወረቀት ከመቶ ማረም አንድ ምሽት ይፈጃል። ስድሳ ግማሽ ወረቀት በሦስት ክምር መለየት ግን የሻይ እረፍት ያህል ነው። ነጥብ አይጻፍም፣ አይደመርም። ክምሩ ራሱ ይናገራል፤ ትልቁ ክምር 2 ከሆነ ነገ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አይኬድም፤ ትንሹ ከሆነ፣ ስምንት ልጆች ናቸው እንበል፣ እነሱን ብቻ ቅዳሜ ማጠናከሪያ መጥራት ነው። ዛሬ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው «ደካማ ተማሪዎች» በሚል የስም ዝርዝር ነው። በእርከን ሲሆን ዝርዝሩ በየርዕሱ ይለወጣል፤ በክፍልፋይ የተጠራችው ልጅ በጂኦሜትሪ ሌላውን ታስረዳ ይሆናል። ስድሳ ተማሪ ላለው ክፍል አይሆንም የሚለውን ክርክር ሁልጊዜ እሰማለሁ። የኔታም ሼሁም አንድ በአንድ ነበር የሚያስተምሩት፣ እውነት ነው። ግን ለስድሳ ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ማስተማር ከበደኝ የማይል መምህር ለስድሳ ልጅ ሦስት ክምር ከበደኝ ሲል፣ የከበደው መለየቱ ነው ወይስ ከለየ በኋላ የሚመጣው ኃላፊነት?

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ግን መምህራን አንድ ላይ ሲያርሙ ነው። አንድ ወረቀት ላስቀምጥላችሁ። ልጁ 2/3 እና 3/4ን ወደ 8/12 እና 9/12 ለወጠ። ድንቅ። ከዚያ ደመረና 17/24 ብሎ ጻፈ። ይህ ስንት ነው? አንዱ መምህር የጋራ ታሕት አግኝቷልና 2.5 ይላል። ሌላው ታሕቱን የደመረ ልጅ ታሕት ምን እንደሆነ አልገባውም፣ 2ም በዝቶበታል ይላል። ሦስተኛዋ ዝም ብላ ትቆይና 17/24 እኮ ከ3/4 ያንሳል ትላለች፤ 3/4 ማለት 18/24 ነውና። ልጁ ቡና ጨምሮ ቡናው ቀነሰበት። ችግሩ የአሠራር ሕግ መርሳት እንዳልሆነ፣ የቁጥሩ መጠን እንደማይታየው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የነገው ትምህርትም ተገኘ። ከ10 ብናርመው ኖሮ 6 ሰጥተን እናልፍ ነበር።

ለዚህ ጊዜ የለም አይባልም። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ በመምህራን አፍ ተሙማ፣ በዓመት 60 ሰዓት ተመድቦለታል። ያ ሰዓት በአብዛኛው በፖርትፎሊዮ መሙላት እንደሚያልቅ የማያውቅ የለም። ከ60ው 20ውን አሥር ወረቀት፣ ስም ተሸፍኖ፣ ለየብቻ አርሞ ከዚያ ለመከራከር ቢሰጥ እርከኑ በራሱ ጠርቶ ይወጣል። አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኝ የጉድኝት ማዕከል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል መምህራንን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ። ሰባተኛውን የሚያስተምረው «ከሁሉም ነገር እነዚህን አሥራ ሁለት ብቃቶች ይዘው ይምጡልኝ» ይበል። ሁሉንም ብቃት በእርከን ልጻፍ ያለ ትምህርት ቤት ጥቅምት ሳይገባ ይደክማል። አንድ ትምህርት፣ አንድ የክፍል ደረጃ፣ አሥራ ሁለት ብቃት፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። እርከኑም ልጁ ራሱ አንብቦ «እኔ እዚህ ነኝ» በሚልበት አማርኛ ይጻፍ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ያኔ ልጁ የወደቀው ፊዚክሱ ላይ ነው ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ላይ የሚለውን የሚለይ መሣሪያ በእጃችን የለም።

የካርዱን አሠራር ግን አትንኩ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሞተው ከካርድ ስለጀመረ ነው። ቢሮው ከመቶ ይጠይቃል፣ ወላጅ ከመቶ ይጠይቃል፣ ከመቶ ይሰጣቸው። እርከኑ በመምህሩ ደብተርና በልጁ እጅ ይኑር። አንድ ወጥመድም አለ፦ ሮስተር የለመደ እጅ 3ን ለ4 አካፍሎ 75 ይጽፋል። 3 ማለት ግን የተፈለገውን ሙሉ በሙሉ ችሏል ማለት ነው፤ የጎደለ ሩብ የለውም። በዚህ ስሌት አስተማሪው ያለውን ሁሉ የቻለች ልጅ የ75 ልጅ ሆና ትቀራለች፣ እናቷም ሰኔ 30 ላይ ካርዱን ይዛ ትመጣለች።

ስለ ደብተርና ስለ ጠባይ ነጥብ ከብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። «ነጥቡን ከወሰድክብኝ በምን አስፈራራዋለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የሚረብሽ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያላየ ሰው ነው የሚስቅበት። ያም ሆኖ ማርፈድ የሂሳብ ስሕተት አይደለም። ይመዝገብ፣ ለወላጅ ይነገር፣ ለብቻው ዓምድ ይኑረው። ከክፍልፋዩ ጋር ሲቀላቀል ግን ሁለቱንም እናጣለን፤ ዝምተኛዋ ልጅ ባልቻለችው ታልፋለች፣ ረባሹ በሚችለው ይወድቃል።

ወላጆችን በተመለከተ ብዙ መስበክ አያስፈልግም። «ስንተኛ ወጣ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ አይጠፋም፣ አይጥፋም። ነገር ግን ለአንዲት እናት የልጇን ግማሽ ወረቀት ሰጥቶ «ይህን ትችላለች፣ ይህን ገና ናት፣ ማታ ዳቦ ስትቆርሱ ጠይቋት» ብሎ ማሳየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። «ገና» ስትባል ታውቀዋለች፤ የኔታም ሼሁም ያሉት እንዲያ ነበር።

የማይለቀኝ ነጥብ ሮስተሩ ነው። የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ተዘግቶ ተፈርሟል። የካቲት ላይ ማጠናከሪያ የገባችው ልጅ ክፍልፋዩን አሁን ትሠራለች፣ ግማሽ ወረቀቷ 3 ነው፤ ሮስተሩ ላይ ግን በሂሳብ 46 ተጽፎላታል። ይስተካከል? አንዳንድ ርዕሳነ መምህራን የተፈረመ ነጥብ መንካት ለአማላጅ በር ይከፍታል ብለው ይፈራሉ፤ ደሴም ኮምቦልቻም ሰው በዝምድና የሚተሳሰርበት ከተማ ነውና ፍርሃቱን አልንቀውም። እኔ ግን እንዲስተካከል እፈልጋለሁ። አዲሱን ወረቀት አስተማሪዋ ብቻ ሳትሆን ስሙ ተሸፍኖ ሌላ መምህርም አይቶት ይፈርምበት፣ እስከ ሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ድረስ ብቻ ይፈቀድ፣ ወረቀቱም ከሮስተሩ ጋር ተሰፍቶ ይቀመጥ፤ ጠያቂ ሲመጣ እሱ ይታያል።